ኮተቤ ለተሠራችው ጀልባ የሰፋሁት ሸራ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ኢታና ነገሳ ጉርሙ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ሸራና ድንኳን ሰፊ
የትዳር ሁኔታ፦ ባለትዳር
አድራሻ፦ ኮተቤ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ፣ የቤት ቁጥር 317
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ የካቲት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
የተጠርጣሪው ስም፦ ከበበ ቱሉ፣ የቀድሞ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ኃላፊ
አመልካች፦ ወ/ሮ ሮማነወርቅ ገብረ ክርስቶስ
የንብረቱ ባለቤት፦ የአመልካቿ ባል አቶ አባይነህ ኃይለ መስቀል (ያሉበት የማይታወቅ)
ጉዳዩ፦ አንድ የእንጨት ጀልባ ከነሸራው ያለአግባብ ወስዶ ለሌላ ሰው አሳልፎ ስለ መስጠት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ መቶ አለቃ ከድር ሸምሱ

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ሐሰት መናገር በሕግ እንደሚያስጠይቀኝ ተነግሮኝ፣ ስለ ጀልባዋና ስለ ሸራዋ የማውቀውን እንድገልጽ በተጠየቅሁት መሠረት የሚከተለውን ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ጉርድ ሾላ በሚገኘው ሱቄ የከባድ መኪና ሸራ፣ የልቅሶና የሰርግ ድንኳን እየሰፋሁ ስተዳደር ሃያ ዓመት አልፎኛል። አቶ አባይነህ ኃይለ መስቀልን የማውቃቸው በጎረቤትነት ሲሆን፣ ቤታቸው ከእኔ ቤት በሦስት ግቢ ይርቃል። ምጽዋ በባሕር ኃይል አሥራ አምስት ዓመት አገልግለው፣ የግራ እግራቸው በመርከብ ሰንሰለት ተይዞ ስለተሰበረ በ1963 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብተው ኮተቤ የገቡ ሰው ናቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ባለቤታቸው ወ/ሮ ሮማነወርቅ በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ በሚገኝ ደሴት የተወለዱ ናቸው።

አቶ አባይነህ ጀልባዋን በግቢያቸው ውስጥ መሥራት የጀመሩት በ1967 ዓ.ም. ነው። ርዝመቷ አምስት ሜትር ያህል ሲሆን፣ አካሏ የጽድና የዋንዛ ጣውላ ነው። የሸራዋ ምሰሶ ከእንጦጦ በአራት ሰው ሸክም የወረደ ባሕር ዛፍ ነበር። የሰፈሩ ሰው በአጥር እያየ «ምጽዋ ራሷ ኮተቤ መጣችልን» እያለ ይስቅባቸው ነበር። እኔም ስቄአለሁ። እሳቸው ግን በጡረታ ዕድሜያቸው በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ መሮና መዶሻ ይዘው ይሠሩ ነበር።

በኅዳር ወር 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አቶ አባይነህ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ «ኢታና፣ ለጀልባዬ የፊት ከለላ ትሰፋልኛለህ» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ እኔ የማውቀው የኤንትሬ ጭነት መኪና ሸራ ነው፤ የጀልባ ነገር ከየት አባቴ አውቃለሁ?» ብዬ መለስኩላቸው። እሳቸውም በጠመኔ ወለሌ ላይ ሥለው አሳዩኝ። ጀልባዋ ከፊት በኩል ሰው የሚጋደምባት ዝቅ ያለች ክፍል አላት። ከለላው ከዚህች ክፍል አፍ በላይ የሚቆም፣ እንደ ጋሪ ክዳን የሚዘረጋና የሚታጠፍ አጭር የሸራ ጣሪያ ሲሆን፣ ጥቅሙ ነፋስ ሲነሣ ከፊት የሚረጨውን ውሃ መመከት ነው።

ለምን እንደሚፈልጉት ስጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ። የወ/ሮ ሮማነወርቅ ታናሽ እህት ምጥ ጠንቶባት ከደሴቱ ወደ ከተማ በደንገል ታንኳ ስትወሰድ ነፋስ ተነሥቶ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ውሃ ሲረጫት ውላ ዳር ሳይደርሱ ሞታለች። ልጁም አልተረፈም። አቶ አባይነህ፣ «ውሃው አልዋጣቸውም እኮ። የገደላቸው ብርድ ነው። እኔ ብርድ መመከት የማውቅ ሰው እዚህ ቁጭ ብዬ ጡረታ እበላለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ይህች ጀልባ ባሕሩ ላይ ስትወርድ ወላድ አትረጥብም» አሉኝ። እሳቸውም ሆኑ ባለቤታቸው የዝዋይን ውሃ ሁልጊዜ «ባሕሩ» ነበር የሚሉት። ሐይቅ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። ይህን ያነሣሁት ኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ሥራውን የሠራሁት በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች በግቢያቸው ውስጥ ነው። ኅዳር 10 ቀን ሁለት የውሃ ቧንቧ በእሳት አጉብጠን ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር በብሎን አሰርናቸው። በላያቸው ወረቀት ዘርግቼ ልኩን ወሰድሁ። ኅዳር 17 ቀን ሸራውን ሰፍቼ ሳመጣ፣ በለመድሁት የመኪና ልክ ስለቆረጥሁት ልል ሆነ። አቶ አባይነህ በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «ልል ሸራ ነፋስ ይቋጥራል። ነፋስ የቋጠረ ጀልባ ደግሞ ይገለበጣል። እንደ ከበሮ ይወጠር» አሉኝ። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ጠርዙን በሰም በታሸ ክር ሁለት ጊዜ ደገምሁ፤ የነሐስ ቀለበቶቹንም አቀራርቤ መታሁ። ከፊት ለፊቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ እንደ መስኮት እንድሰፋበት አዘዙኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ «ውስጥ የተኛችው ሰው ዳሩ እየቀረበ መምጣቱን ትይ። ዳር የሚያይ ሰው ቶሎ አይሞትም» አሉኝ።

ኅዳር 24 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ከለላውን ገጥመን ጨረስን። አቶ አባይነህ ይፈተን አሉና ባለቤታቸውን ክፍሏ ውስጥ አስተኝተው፣ ካስቀመጡት በርሜል በባልዲ እየቀዱ ከፊት በኩል በኃይል ይደፉበት ጀመር። አምስት ባልዲ ደፍተዋል። ወ/ሮ ሮማነወርቅ ከውስጥ ሆነው «አባይነህ፣ በቃህ! ጠብታ የለም፣ አንዲት ጠብታ የለም!» እያሉ ይስቁ ነበር። ሲወጡ ነጠላቸው ደረቅ ነበር። አቶ አባይነህ እጄን ጨብጠው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተደሰትሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው በአጥሩ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ከተመልካቾቹ አንዱ ተጠርጣሪው ከበበ ቱሉ ነበር። መሣሪያውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ወደ ግቢው ገብቶ ጀልባዋን ዞሮ ተመለከተ። በላስቲኩ መስኮት ላይ ጣቱን አድርጎ፣ «ይኼ ለምንድነው?» ሲል ጠየቀ። አቶ አባይነህም «ዳር ለማየት ነዋ» ብለው መለሱለት። ከዚያም ወጣ።

ታኅሣሥ 7 ቀን 1970 ዓ.ም. አቶ አባይነህ ከቤታቸው ተወሰዱ። ምጽዋ በጦርነት ውስጥ የነበረችበት ሳምንት ነበር። በማግሥቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ እኔ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተጠርቼ ከበበ ፊት ቀረብሁ። አቶ አባይነህ ጀልባዋን በመኪና ወደ አሰብ ጭነው ከአገር ሊወጡባት እንደነበረ ገልጾ፣ ሸራውን ስታዘዝ ለምን ተግባር ነው እንደተባልሁ ጠየቀኝ። «ለባሕር ነው ያሉኝ» ብዬ መለስሁ። ያለፍርሃት ነው የመለስሁት፤ እውነቱም እሱ ነበር። ከበበ ጽፎ ሲያነብልኝ ግን «ወደ ባሕር ለመውጣት እንደሆነ ነግሮኛል» የሚል ሆኖ ሰማሁት። «ጓድ ከበበ፣ ባሕር ማለታቸው የዝዋይን ውሃ ነው። ባለቤታቸው የዚያ ሰው ናቸው» አልሁት። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ቃል በቃል ይህ ነው።

«ባሕር አላለህም?»

«ብለውኛል።»

«ዝዋይ አለህ?»

«ያን ዕለት ስሙን አልጠሩም። ግን ይታወቃል።»

«እኔ የሚታወቀውን አልጽፍም፤ የተባለውን ነው የምጽፈው። ባሕር ብሎሃል። ፈርም።»

ስዘገይ ጊዜ፣ እሁድ እሁድ እቤቴ ለጸሎት የሚሰበሰቡት ሰዎች ስንት እንደሆኑ ጠየቀኝ። የሁለቱን ስም ጠራልኝ። የባለቤቴን የጫልቱንም ስም ጨመረበት። እኔ የወንጌል አማኝ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ማለት እንደነበረ መርማሪውም ያውቃሉ። ፈረምሁ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ባሕር» የሚለው ቃል ከአፌ የወጣ ነው። ስለ ዝዋይ የተናገርሁት ቀርቷል እንጂ የተጨመረ ሐሰት አላገኘሁበትም። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ዋሸሁ ብዬ ንስሐ ለመግባት እንኳ የተቸገርሁት።

ጀልባዋ በዚያው ሳምንት ከነሸራዋ ከግቢው ተጭና ስትወጣ አይቻለሁ። ወ/ሮ ሮማነወርቅ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ስንቅ በአገልግል ይዘው በሱቄ ፊት ለፊት አልፈው አቶ አባይነህ ታስረውበታል ወደተባለው ቦታ ይሄዱ ነበር። ሲመለሱ ባዶውን አገልግል ከፍ አድርገው ያሳዩኝና «ዛሬም ተቀበሉኝ» ይሉኛል። ባሌን አሳሰርህብኝ ብለውኝ አያውቁም። የፈረምሁትን ያውቁ እንደሆነም አላውቅም።

ግንቦት 10 ቀን 1970 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ30 ላይ ከበበ በላንድሮቨር ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ መርፌና ክር፣ ቀለበት መምቻዬንም ይዤ እንድገባ አዘዘኝ። ወዴት እንደምንሄድ አልነገረኝም። ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ስንወጣ ጀልባዋ በፊታችን በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ታስራ አየኋት። ሞጆ ላይ ባለው ኬላ ፈታሹ የይለፍ ደብዳቤውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሰማሁ። «ለሐይቅ መዝናኛ የሚውል አንድ ጀልባ» ይላል። አቶ አባይነህ ሲሠሯት ለባሕር የነበረችው እነሱ ሲወስዷት ለሐይቅ ሆነች። ከበበ አጠገቤ ተቀምጦ እንዲህ ተብሎ ሲነበብ ፊቱ ላይ ምንም ያየሁት ነገር የለም።

የዝዋይን ውሃ በመኪናው መስኮት እያየሁት አለፍነው። አልቆምንም። ላንጋኖ ዳር ወዳለ የአንድ ባለሥልጣን ማረፊያ ደርሰን ጀልባዋን አወረዷት። ከለላውን ያለ ዘዴ ስለፈቱት አንዱ ጎኑ ተቀዶ፣ አራት ቀለበት ተነቅሎ ነበር። ጠግኜ እንድገጥመው ታዘዝሁ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። እጄ የራሴን ስፌት እያገኘ ሄደ። እንደ ከበሮ ወጥሬ ገጠምሁት፤ በልማድ ነው። ባለሥልጣኑን አላየሁም፤ ጀልባዋን የተረከቡት ሰዎች ግን በላስቲኩ መስኮት በኩል እየተያዩ ይስቁ ነበር። «ከፊት መቀመጫው ላይ ለሴቶቹ ጥሩ ጥላ ይሆናል» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ከበበ ቢራ ጠጥቶ ስለነበረ አፉ ተፈትቶ ነበር። ከቃሊቲ አልፈን ከ10 ሰዓት በኋላ የእንጦጦ ጋራ ፊት ለፊታችን ሲታይ፣ ሳልጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ያ መርከበኛህ እኮ ገና ያኔ ነው ያለቀለት። በገባ በሦስት ሳምንቱ፣ የገና ማግሥት። ማንም አልነካውም፤ ሳል ነው። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው፣ እሱም ሽማግሌ ነው።» የት እንደተቀበሩ ስጠይቀው በጣቱ ወደ ጋራው እያሳየ፣ ከኮተቤ በላይ ከድሮው የድንጋይ ካባ በስተግራ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ መሆኑን ነገረኝ። «ሚስቱ ስንቅ ታመላልሳለች እኮ» ስለው፣ «ታዲያ ምን ቸገረህ፣ ጥበቃዎቹ ይበሉታል። ሌላ ቦታ ተዛውሯል እንላታለን አንድ ቀን» አለኝ። ከመኪናው ስወርድም «የእሁዷን ጸሎታችሁን አደራ፣ ቀስ እያላችሁ» ብሎኝ ሄደ።

በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሱቄን ስከፍት ወ/ሮ ሮማነወርቅ አገልግላቸውን ይዘው መጡ። «ዓርብ ቢሆንም በዓለ ሃምሳ ነው ብዬ ሥጋ ወጥ ሠራሁለት» አሉኝ። እኔም «እግዜር ያድርስልዎ» አልኋቸው። ያልሁት ይህን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 1971 ዓ.ም. ድረስ፣ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ተብለው እስኪመለሱ፣ ለሞተ ሰው በየቀኑ ስንቅ ሲያመላልሱ እያየሁ ዝም ብያለሁ። ሰላምታቸውን ላለመመለስ የሱቄን በር ዘግቼ የሰፋሁባቸው ቀኖች አሉ።

በሰኔ ወር 1970 ዓ.ም. የድንኳን ምሰሶ እገዛለሁ ብዬ ለብቻዬ ወደ ተባለው ቦታ ወጥቼ ነበር። ከካባው በስተግራ አርባ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ መሬቱ የሰው ቁመት በሚያህል ርዝመት ሰርጎ አገኘሁት። የተቀመጠበት ምልክት የለም። አጠገቡ ትልቅ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ፤ መጨረሻ የሄድሁት ባለፈው ዓመት ጥቅምት ነው። ቦታውን መምራት እችላለሁ።

ጀልባዋንና ሸራውን ባይ ለይቼ አውቃለሁ ወይ ተብዬ በመርማሪው ስጠየቅ፦ አዎ አውቃለሁ። በከለላው የውስጥ ጠርዝ በግራ በኩል፣ ሁለተኛ ጊዜ ስሰፋው የቀየርሁት ቁራጭ አለ፤ ቀለሙ ከሌላው ይጠቁራል። ሲፈለግ ፍርድ ቤት ቀርቤ አረጋግጣለሁ።

ይህን ሁሉ ለምን እስከ ዛሬ ሳልናገር እንደቆየሁ ስጠየቅ፦ ፈርቼ ነው። ዛሬ የምናገረውም ደፍሬ አይደለም፤ ከበበ ባለፈው ወር በሌላ ጥፋት ስለታሰረ ነው። እሱ ባይታሰር ኖሮ ዛሬም አልናገርም ነበር። የተጠራሁት ስለ ጀልባ እንድመሰክር ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ የተጠየቅሁት ጥያቄ ሁሉ ስለ ጀልባዋ ነው። ስለ ሰውየው የተናገርሁትን መርማሪው ከክሱ ውጭ መሆኑን ቢገልጹልኝም፣ ሳይጻፍ እንደማልፈርም አስታውቄ ተጽፎልኛል።

አመልካቿ ወ/ሮ ሮማነወርቅ አሁን ይህን ቃል በምሰጥበት ሰዓት ከእኔ ቀጥሎ ቃላቸውን ለመስጠት ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ዛሬ ጠዋት ከኮተቤ የመጣነው በአንድ አውቶቡስ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ፣ «ጀልባዋ ብትገኝ መልካም ነው። እሱ ሲፈታ ባዶ ግቢ እንዳያገኝ» አሉኝ። እኔ ወደ ውጭ እያየሁ መጣሁ። አምስት ዓመት ገደማ የሚያውቀው ሰው ሦስት ግቢ አጠገባቸው እየኖረ፣ ይህን ነገር ከወረቀት እንዲሰሙት አልፈልግም። ስለዚህ ይህ ቃል በማንም እንዳይነበብላቸው፣ ፈርሜ ስወጣ ከመጠራታቸው በፊት ከእሳቸው ጋር የምቀመጥበት ጊዜ እንዲሰጠኝ መርማሪውን ለምኛለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ከአንደበቴ የወጣ ነው። ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የጎደለም የተረፈም የለበትም። በዚህ ምክንያት የሚመጣብኝ ነገር ቢኖር እኔው የምሸከመው መሆኑን አውቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በእጄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ኢታና ነገሳ (ፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ መቶ አለቃ ከድር ሸምሱ (ፈርሟል)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 6፡10

ማስታወሻ፦ አመልካች ወ/ሮ ሮማነወርቅ ገብረ ክርስቶስ ከቀኑ 6፡45 ላይ ቃላቸውን እንዲሰጡ ተጠርተው መስጠት ስላልቻሉ፣ ለየካቲት 14 ቀን 1975 ዓ.ም. ተቀጥረው በምስክሩ ተደግፈው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ከ.ሸ.